ዩሪያ፣ ገለባና ፍየል
ስለ ንጥረ ነገሮች መተሳሰርና መለዋወጥ ለአበርገሌና ለሰቆጣ አካባቢ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



ጧት የፍየሎቹን በረት ስትከፍቱ አፍንጫ የሚሰነፍጥና ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ይቀበላችኋል። በተለይም በረቱ ጠባብ ሆኖ ሌሊቱ ነፋስ ያልነበረው እንደ ሆነ ሽታው ይበረታል። ይህ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ማታ ፍየሎቹ ሲገቡ እንዲህ አልነበረም፤ ሽንታቸውም ወዲያው እንደ ወረደ እንዲህ አይሰነፍጥም። እንግዲያስ ሌሊቱን በመሬቱ ላይ አንድ ነገር ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ይህን የመሰለው ለውጥ ኬሚካዊ ለውጥ ይባላል፤ የሚሸተውም ነገር አሞኒያ ይባላል።

ይህ ትምህርት ስለዚሁ ለውጥ ነው። ነገሩ በተማሪ ቤት ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀር አይምሰላችሁ። በበረቱ ውስጥ የሚሆነው ያው ለውጥ በገለባ ጕድጓድ ውስጥ ሲሆን በሬን ያበረታል፤ በፍየል ሆድ ውስጥ በድንገት ሲሆን ይገድላል፤ በማሳ ላይ ሳይሸፈን ሲሆን የማዳበሪያውን ዋጋ ለነፋስ ይሰጣል። ለውጡ አንድ ነው፤ የሚለየው የት፣ መቼና በምን ያህል መጠን መሆኑ ነው።

በአበርገሌ ክረምቱ አጭር፣ በጋው ረጅም መሆኑን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መኸር ከገባ በኋላ በሬው የሚበላው የማሽላ አገዳና ገለባ ነው። ይህንኑ እየበላ ይከሳል፤ ሰኔ ሲደርስና መሬቱ ሲርስ፣ ጕልበቱ በሚፈለግበት ቀን ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሬው የከሳው ገለባ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ ሞልቶም ይከሳል። ምክንያቱም በገለባው ውስጥ ያለው ምግብ ታስሮ የተቀመጠ ስለ ሆነ ነው። እስራቱን ለመፍታት ማሰሪያው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. ስለ ሁለቱ ዓይነት ማሰሪያ

በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም ውኃውም ሥጋውም፣ አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። የአቶሞቹ ዓይነት ብዙ አይደለም፤ በተፈጥሮ የሚገኙት ንጥረ ነገሮች ወደ 90 ያህል ናቸው። ለዛሬው ትምህርት የሚያስፈልጉን ካርቦን፣ ኦክሲጅን፣ ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅን፣ ሶዲየምና ክሎሪን ብቻ ናቸው። እነዚህ አቶሞች ኤሌክትሮን በሚባሉ በጣም አነስተኛ ክፍሎቻቸው አማካይነት እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። አተሳሰራቸውም በብዛት በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የመስጠትና የመቀበል መንገድ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ጨው ነው። የሰቆጣ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ከአፋር የጨው ሜዳ ተጭኖ የሚመጣ አሞሌ የሚሸጥበት የታወቀ ገበያ እንደ ነበረ አባቶቻችሁ ነግረዋችኋል። በዚያ አሞሌ ውስጥ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሰጥቶ ይገኛል። የሰጠውና የተቀበለው የተለያየ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስለሚይዙ ይሳሳባሉ፤ በዚህም መሳሳብ ተያይዘው ይኖራሉ።

ሁለተኛው የመቀናጆ መንገድ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ሲቀናጅ ምን ያደርጋል? ማንም በሬውን ለማንም አይሰጥም፤ ሁለቱም አንዳንድ በሬ አውጥተው አንድ ጥማድ ይሠራሉ፤ በጥማዱም ሁለቱም ይጠቀማሉ። አቶሞችም እንዲሁ አንዳንድ ኤሌክትሮን አዋጥተው በጥማዱ ይተሳሰራሉ። ሃይድሮጅን ለመቀናጆ የሚያወጣው አንድ ስለ ሆነ አንድ ማሰሪያ ብቻ አለው። ኦክሲጅን ሁለት፣ ናይትሮጅን ሦስት፣ ካርቦን አራት ማሰሪያ አላቸው።

ዩሪያ የተሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። በመካከል አንድ ካርቦን ይቀመጣል። በአንድ ወገን ኦክሲጅን በሁለት ማሰሪያ ይይዘዋል። በሌላው ወገን ሁለት ናይትሮጅኖች እያንዳንዳቸው በአንድ በአንድ ማሰሪያ ይይዙታል። እያንዳንዱም ናይትሮጅን ደግሞ ሁለት ሁለት ሃይድሮጅን ይዟል። ቍጠሩት፤ ካርቦኑ አራት፣ ናይትሮጅኑ ሦስት፣ ኦክሲጅኑ ሁለት፣ ሃይድሮጅኑ አንድ ማሰሪያ ይዘው ተሟልተዋል።

እንግዲህ ጨውና ዩሪያ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በውኃ ይሟሟሉ፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። አስተሳሰራቸው ግን የተለያየ ነው። ይህ ልዩነት የፍየልን ሕይወት የሚያህል ዋጋ እንዳለው ወደ ፊት ታያላችሁ።

2. መሟሟትና መለወጥ አንድ አይደሉም

በሁለት ጣሳ ውኃ ቅዱ። በአንዱ አንድ ጭብጥ ጨው፣ በሌላው አንድ ጭብጥ ዩሪያ ጨምራችሁ አማስሉ። ዩሪያ ያለበትን ጣሳ በውጭ በኩል በእጃችሁ ያዙት፤ ሲሟሟ ጣሳው ይቀዘቅዛል። ይህም የሚሆነው ዩሪያው በሚሟሟበት ጊዜ ከውኃው ሙቀት ስለሚወስድ ነው።

ሁለቱም ከዓይን ጠፉ፤ ነገር ግን ገና አልተለወጡም። ጨዉን ውኃ በሰፊ ሳሕን ላይ አፍስሳችሁ በፀሐይ ብታደርቁት ጨዉ እንደ ነበረ ተመልሶ ይገኛል። ዩሪያውም ወዲያው ቢደርቅ እንዲሁ ይመለሳል። መሟሟት ማለት ይህ ነው፤ ቅንጣቶቹ በውኃው ውስጥ ተበተኑ እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም። ከሙከራው በኋላ የዩሪያው ውኃ እንስሳ በማይደርስበት ጕድጓድ ይቀበር፤ ጣሳውም ዳግመኛ ለመጠጥ አያገልግል።

ለውጥ ማለት ግን የቀድሞው ማሰሪያ ተፈትቶ አዲስ ማሰሪያ ሲሠራ ነው። በዚያን ጊዜ የሚገኘው ነገር በሽታም፣ በጠባይም፣ በጥቅምም ሌላ ነው። እንጨት ተቃጥሎ አመድና ጢስ ሲሆን፣ ብረት ሲዝግ፣ ጠላ ሲሆመጥጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

3. ዩሪያ እንዴት ይፈታል?

በሽንት ውስጥም በማዳበሪያው ከረጢት ውስጥም ያለው ዩሪያ አንድ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር በ1828 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያለ እንስሳ ኩላሊት ዩሪያን በቤተ ሙከራ ሠርቶ አሳየ። ከዚያ በፊት ይህ ነገር በሕያው አካል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ይመስላቸው ነበር።

ዩሪያ ውኃ ብቻ ሲያገኝ የሚፈታው እጅግ በዝግታ ነው። የሚያፋጥነው ዩሪዬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት በሕያዋን የሚሠራና ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው። ዩሪዬዝ በአፈር፣ በእበት፣ በገለባና በእንስሳ ሆድ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ዘንድ ይገኛል። አሜሪካዊው ጄምስ ሳምነር ይህን ኢንዛይም በ1926 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከባቄላ ዘር ወገን ከሆነ ተክል አጣርቶ ስላወጣ በ1946 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

የበረቱ ሽታ ምስጢር እንግዲህ ይህ ነው። ሽንቱ መሬት ሲነካ በእበቱና በአፈሩ ያለው ዩሪዬዝ ዩሪያውን ይፈታዋል። አንድ የዩሪያ ቅንጣት ከአንድ የውኃ ቅንጣት ጋር ተገናኝቶ ሁለት የአሞኒያና አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣት ይሆናል። አሞኒያ አንድ ናይትሮጅን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር የታሰረበት ነው፤ ጋዝ ስለ ሆነ ወደ አየር ይወጣል፤ አፍንጫችሁም ያገኘዋል።

በዚህ ለውጥ የሚጠፋ ነገር የለም። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ በ18ኛው መቶ ዓመት በሚዛን እየመዘነ እንዳስተማረው፣ ከለውጡ በፊት የነበረው ክብደትና ከለውጡ በኋላ የሚገኘው ክብደት እኩል ነው። በ1 ኪሎ ዩሪያ አስቡት። 1 ኪሎ ዩሪያ ሲፈታ 300 ግራም ውኃ ይወስዳል። ከዚያም ወደ 567 ግራም አሞኒያና ወደ 733 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሁለቱንም ወገን ብትደምሩ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው አሞኒያው ይጠፋልን ሳይሆን ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው።

4. በገለባው ውስጥ የታሰረው ምግብ

የገለባና የአገዳ አብዛኛው ክፍል ሴሉሎስ ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ሴሉሎስ ማለት የስኳር ቅንጣቶች በሰንሰለት የተያያዙበት ነው። ሰው ይህን ሰንሰለት ሊፈታ አይችልም። የሚያመሰኩ እንስሳት ግን፣ እነ በሬ፣ በግና ፍየል፣ በመጀመሪያው ሆዳቸው ውስጥ የሚፈቱላቸው ጥቃቅን ሕያዋን አሏቸው። ታዲያ ገለባ ለምን አያወፍርም?

አንደኛ፣ ተክሉ ሲደርቅና ሲጠነክር ሊግኒን የሚባል ነገር እንደ ጭቃ ምርጊት በሴሉሎሱ ዙሪያ ይለጠፋል። ምርጊቱና ግድግዳው በማሰሪያ ተያይዘዋል። የሆድ ውስጥ ሕያዋኑ ይህን ማሰሪያ በቀላሉ አይፈቱትም፤ ስለዚህ ብዙው ምግብ ሳይነካ በእበት ይወጣል።

ሁለተኛ፣ እነዚያ ሕያዋን ራሳቸው ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ገለባ ግን ናይትሮጅን እጅግ ያንሰዋል። ሠራተኛው ስንቅ ሳይኖረው ሥራ እንደ ማለት ነው።

አሞኒያ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። እርጥብ በሆነ ገለባ ውስጥ ታፍኖ ሲቆይ በሊግኒኑና በግድግዳው መካከል ካሉት ማሰሪያዎች ብዙዎቹን ይቈርጣል፤ ገለባውም ይለሰልሳል። ደግሞም ከአሞኒያው አንድ ሦስተኛ ያህሉ በገለባው ላይ ቀርቶ ለሆድ ሕያዋኑ ስንቅ ይሆናል። የቀረው ጕድጓዱ ሲከፈት በሽታ መልክ ይወጣል። በሚገባ የታከመ ገለባ ያለው የናይትሮጅን መጠን ካልታከመው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል።

5. አሠራሩ

መጠኑን ለማስታወስ ይህን ያዙ፤ 1 ኪሎ ዩሪያ፣ 1 ጀሪካን ውኃ (20 ሊትር)፣ 25 ኪሎ ደረቅ ገለባ። ለ100 ኪሎ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያና 4 ጀሪካን ውኃ ይሆናል። ለለውጡ የሚያስፈልገው ውኃ ጥቂት መሆኑን ከላይ አይታችኋል፤ የቀረው ውኃ የሚያገለግለው ዩሪያውን ወደ ገለባው ሁሉ ለማዳረስና ገለባውን ለማርጠብ ነው። ውኃ በአህያ ከሩቅ የሚመጣበት አገር ስለ ሆነ ሥራውን ውኃ ሳይርቅ፣ አዝመራው እንደ ተሰበሰበ ማድረግ ይሻላል።

ሀ. በሚገባ የደረቀ የማሽላ አገዳ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ገለባ ምረጡ። አገዳውን በጣት ርዝመት ከትክቱት። የሻገተ አይሁን። እርጥብ ወይም ጣፋጭነት ያለው አረንጓዴ አገዳ ከቶ አታክሙ፤ አሞኒያ ከስኳር ጋር ሲገናኝ ሌላ መርዛም ነገር ሊፈጥር ይችላልና።

ለ. ውኃ በማይተኛበት ከፍ ባለ ቦታ ጕድጓድ ቈፍሩ። ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 100 ኪሎ ገለባ ይበቃዋል። ወለሉንና ግድግዳውን ቀዳዳ በሌለው ላስቲክ ሸፍኑ።

ሐ. ዩሪያውን በሚዛን መዝኑ። በዓይን መገመት ክልክል ነው። ሚዛን የሌላችሁ እንደ ሆነ የልማት ሠራተኛው አንድ ጊዜ መዝኖ 1 ኪሎ የሚይዘውን ጣሳ ምልክት ያድርግላችሁ።

መ. ዩሪያው ፈጽሞ እስኪሟሟ በውኃው ውስጥ አማስሉት። በሥሩ የቀረ ያልሟሟ ቅንጣት መኖር የለበትም።

ሠ. ገለባውን በስስ እየነሰነሳችሁ፣ ውኃውን እኩል እየረጫችሁ፣ በእግር በደንብ እየረገጣችሁ ደርድሩ። የተጠቀጠቀ ገለባ አየር አይዝም፤ ስለዚህም አይሻግትም።

ረ. ላስቲኩን ከላይ አጥፋችሁ ዝጉ፤ አፈርና ድንጋይ ጫኑበት። ቀዳዳ ቢኖር አሞኒያው ያመልጣል፤ ድካማችሁም ከንቱ ይሆናል።

ሰ. ሙቀት ለውጥን ያፈጥናል። ስለዚህ በተከዜ ዳር ባለው ቈላ 3 ሳምንት ይበቃል። በሰቆጣ ደጋ ግን ብርዱ ስለሚያዘገየው 4 ወይም 5 ሳምንት ጠብቁ።

ሸ. ስትከፍቱ ነፋሱ ከኋላችሁ ይሁን፤ ፊታችሁን አታስጠጉ። በደንብ የታከመ ገለባ ቢጫነት ወይም ቡናማነት ያለው፣ የለሰለሰና የሚሰነፍጥ ሽታ ያለው ነው። ለነገ የሚበቃውን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እንስሳ በማይደርስበት ቦታ ዘርጉት፤ ሌሊቱን ሽታው ይውጣለት። ጕድጓዱን መልሳችሁ ዝጉ።

ቀ. ከብቶቹን ቀስ በቀስ አልምዱ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌላ መኖ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀላችሁ ስጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ መጠኑን መጨመር ይቻላል። ውኃ እንደ ልብ ያግኙ።

የታከመ ገለባ በመጀመሪያ የሚገባው ለእርሻ በሬና ለምትታለብ ላም ነው። የአበርገሌ ፍየል ከቅጠልና ከቍጥቋጦ መመገብን የምትወድ ስለ ሆነች ገለባ ዋና ምግቧ ሊሆን አይገባም። ቅጠሉ በሚያልቅበት በበጋው መጨረሻ ግን ለአዋቂ ፍየሎች በተጨማሪ መልክ ይሰጣል። ለጥጃ፣ ለግልገል፣ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለፈረስ አይሰጥም።

6. አንድ ያጋጠመኝ ነገር

ከኮሌጅ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት በአንድ ቀበሌ ይህንኑ ሥራ አሳየሁ። መጠኑን በሚገባ አስተማርሁ፤ ጕድጓዱም በደንብ ተዘጋ። ነገር ግን በበርሜሉ ሥር ግማሽ ጀሪካን የሚያህል የዩሪያ ውኃ ተርፎ ነበር። እኔም ሰዓቱ ስለ መሸብኝ ዝም ብዬ ሄድሁ። ፍየሎቹ ከውሏቸው ተጠምተው ሲመለሱ ሁለቱ ቀድመው ከበርሜሉ ጠጡ። ጧት ስመለስ ሁለቱም ሞተው አገኘሁ። አንዷ ለልጆቹ ወተት የምትታለብ ነበረች። የቤቱ እመቤት አንዳች ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ «ጨው መስሏቸው ነው» ብቻ አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማሰሪያው የሚፈታበትን ቦታ አስተምሬ፣ ሳይፈለግ የሚፈታበትን ቦታ ሳልናገር ቀርቼ ነበርና።

እመቤቲቱ የተናገሩት ቃል ትክክል ነው። ፍየል ጨው ትወዳለች፤ ነጭ ቅንጣት ካየች ትልሳለች። ጨው በሆዷ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል እንጂ ወደ ሌላ ነገር አይለወጥም። ዩሪያ ግን በሆዷ ውስጥ ብዙ ዩሪዬዝ ያገኛል። ጥቂት በጥቂት ቢሆን ኖሮ የሆድ ሕያዋኑ አሞኒያውን ወስደው ገንቢ ምግብ ያደርጉት ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሆን ግን አሞኒያው ተርፎ ወደ ደም ይገባል፤ ጕበትም ማስወገድ ያቅተዋል።

የመመረዙ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታያል። እንስሳዋ ትቅበዘበዛለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤ ለሐጭ ታዝረበርባለች፤ ሆዷ ይነፋል፤ ትንፋሿ ይፈጥናል፤ ከዚያም ትወድቃለች። ይህን ስታዩ ሳትዘገዩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። እስኪደርስ ድረስ መዋጥ የምትችል ከሆነ ለአንዲት ፍየል ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ ለበሬ ከ2 እስከ 4 ሊትር አቼቶ ከቀዝቃዛ ውኃ ጋር ቀስ እያላችሁ አጠጡ። ራሷን የሳተች እንስሳ ግን ወደ ሳንባዋ ስለሚገባ ማጠጣት አይገባም።

አቼቶ ለምን ይረዳል? አቼቶ አሲድ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ሲገናኙ አሲዱ ሃይድሮጅኑን ለአሞኒያው ይሰጠዋል፤ አሞኒያውም አሞኒየም የሚባል ሌላ ነገር ይሆናል። አሞኒየም እንደ አሞኒያ በሆድ ግድግዳ አልፎ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቀዝቃዛው ውኃም ሆዱን አቀዝቅዞ ለውጡን ያዘገየዋል። ሆኖም ሕክምናው ከዘገየ አይጠቅምም፤ ዋናው መድኃኒት ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ፦
የተረፈ የዩሪያ ውኃ በገለባው ላይ ይርጨፍ ወይም በጕድጓድ ይቀበር፤ በርሜሉም ሁለት ጊዜ ይታጠብ።
የዩሪያ ከረጢት ከጨው ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ፤ ከፍ ባለ ቦታ ይሰቀል።
ሥራው በሚሠራበት ቀን ከብቶቹን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመደብ።
ባዶውን ከረጢት ለእህል ወይም ለጨው መያዣ አታድርጉት።
ልጆች ዩሪያ እንዳይነኩ ተከልክለው ይኑሩ።

7. ያው ለውጥ በማሳ ላይ

ከዩሪያ ክብደት ከ100 እጅ 46ቱ ናይትሮጅን ነው። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ስትገዙ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ገዝታችኋል። ይህ ናይትሮጅን ከአየር የመጣ ነው። አየር ከ100 እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ሲሆን፣ ሁለት ሁለቱ በሦስት ማሰሪያ እጅግ ጠንክረው ስለ ተያያዙ ተክል ሊጠቀምበት አይችልም። ሐበርና ቦሽ የተባሉ ጀርመናውያን ይህን ማሰሪያ በታላቅ ሙቀትና ግፊት የሚፈታበትን ዘዴ ካገኙ በኋላ በ1913 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የመጀመሪያው ፋብሪካ በጀርመን አገር ሥራ ጀመረ። ማሾና ሽምብራም በሥራቸው ባለው እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን አማካይነት ይህንኑ ያለ እሳት ያደርጉታል፤ ማሽላን ከእነርሱ ጋር ማፈራረቅ የሚጠቅመውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ባለ ድካም የታሰረውን ናይትሮጅን በማሳ ላይ በትናችሁ ብትተዉት፣ ጤዛና ዩሪዬዝ ይፈቱትና አሞኒያው ወደ አየር ይሄዳል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። አፈር ውስጥ ከገባ ግን አሞኒያው ከእርጥበቱ ጋር ተገናኝቶ አሞኒየም ይሆናል፤ የሸክላ አፈርም ልክ እንደ ጨዉ በመሳሳብ ማሰሪያ ይይዘዋል። ስለዚህ አፈሩ እርጥበት ሲኖረው፣ ከተክሉ ጎን ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ፣ አራት ጣት ያህል ቀብራችሁ መልሱት። ደረቅ ማሳ ላይ ዩሪያ አትበትኑ።

አመድንም ከእበት ክምር ወይም ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉ። አመድ አሲድን የሚቃረን ስለ ሆነ አሞኒየሙን መልሶ አሞኒያ ያደርገዋል፤ አሞኒያውም ይበናል። ለማረጋገጥ ከበረቱ ጥቂት እርጥብ አፈር ወስዳችሁ አመድ ነስንሱበትና አሹት፤ ሽታው ወዲያው ይነሣል። አመዱን ለብቻው ወደ ጓሮ ውሰዱት፤ በዚያ ይጠቅማል።

8. ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አትስጡ። የሁለቱን ጣሳ ሙከራና የአመዱን ሙከራ በገበሬው ደጅ አድርጋችሁ አሳዩ። መቀናጆን ለሚያውቅ ሰው ስለ ማሰሪያ ለማስረዳት ሰሌዳ አያስፈልግም። ፍየሎችን የሚያልቡና የሚመግቡ እናቶችና የሚጠብቁ ልጆች ስለ ሆኑ፣ እነርሱ ባልተገኙበት ስብሰባ ስለ ዩሪያ አታስተምሩ። ኽምጣንጋ በሚነገርበት መንደር በኽምጣንጋ የሚያስረዳ ሰው አብሯችሁ ይቁም፤ ስለ ጥንቃቄው የሚነገረው ቃል በግማሽ ሊሰማ አይገባምና። ሥራው ካለቀ በኋላም በርሜሉን ራሳችሁ ሳታዩ ከቦታው አትሂዱ።

ትምህርቱ ከገባ ለማወቅ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

1ኛ. ጨው በውኃ ሲሟሟና ዩሪያ በበረት ውስጥ አሞኒያ ሲሆን ልዩነቱ ምንድን ነው?
መልስ፦ ጨዉ ተበተነ እንጂ አልተለወጠም፤ ውኃው ሲደርቅ ይመለሳል። የዩሪያው ማሰሪያ ግን ተፈትቶ አዲስ ነገር ሆኗል።

2ኛ. 75 ኪሎ ገለባ ለማከም ምን ያህል ዩሪያና ውኃ ያስፈልጋል?
መልስ፦ 3 ኪሎ ዩሪያና 3 ጀሪካን ውኃ።

3ኛ. ላስቲኩ ቢቀደድ ገለባው ለምን አይለሰልስም?
መልስ፦ ማሰሪያውን የሚቈርጠው አሞኒያ ወደ አየር ስለሚያመልጥ።

4ኛ. የታከመ ገለባ በሬን ሲያበረታ፣ የዩሪያ ውኃ ፍየልን የሚገድለው ለምንድን ነው?
መልስ፦ ከገለባው ጋር ጥቂት አሞኒያ ቀስ እያለ ይደርሳል፤ የሆድ ሕያዋኑም ይጠቀሙበታል። ከውኃው ግን ብዙ አሞኒያ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

5ኛ. ዩሪያ በማሳ ላይ የሚቀበረው ለምንድን ነው?
መልስ፦ አሞኒያው አሞኒየም ሆኖ በአፈር እንዲያዝ።

ውድ ገበሬዎች ሆይ፤ በዚህ ዓመት በአንድ ጕድጓድና በአንድ በሬ ጀምሩ። 100 ኪሎ የታከመ ገለባ በቀን 5 ኪሎ ለሚበላ በሬ 20 ቀን ይበቃዋል። ይህንም በግንቦት መጨረሻ ብትሰጡት፣ ሰኔ ሲገባ በሬያችሁን ካልታከመ ገለባ ከበላው ከጎረቤት በሬ ጋር አስተያዩት። በቀንበር ሥር ያለው አረማመድ ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ያስረዳችኋል። ሥራውን በምትሠሩበት ቀን ግን ከሁሉ በፊት ፍየሎቹ የት እንዳሉ ተመልከቱ።